ኤሲው በርቷል ወይስ ጠፍቷል? የቤቴን ኤሲ ከስማርት ሲስተም ጋር ሳገናኝ ያየሁት

ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ውሃ ልጠጣ ስነሳ እናቴን ሳሎን ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተቀምጣ አገኘኋት። "ልጄ፣ እኔ አጥፍቼው ተኝቼ ማን ነው የሚያበራብኝ?" አለችኝ። መልሱ ወዲያው አልመጣልኝም። ጠዋት ቁጭ ብዬ የሲስተሙን መዝገብ ሳየው ግን ነገሩ ግልጽ ሆነ። ያበራባት ኤሲውን በራሱ እንዲያዝ እኔ የሠራሁት ሲስተም ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የእናቴ ክፍል ኤሲ ይጥፋ ብዬ አዝዤ ነበር። እሷ ደግሞ ከመተኛቷ በፊት በራሷ ሪሞት አጥፍታዋለች። የዚያ ኤሲ ሪሞት ለማብራትም ለማጥፋትም የሚልከው ምልክት አንድ ነው፤ "ያለህበትን ቀይር" እንደማለት። ሲስተሙ አጠፋሁ ብሎ አበራው።

ኤሲን በስልክ ማዘዝ ብዙም አያስቸግርም። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። የሚያስቸግረው ኤሲው አሁን በርቶ ይሁን ጠፍቶ፣ ስንት ዲግሪ ላይ ይሁን፣ ሲስተሙ በትክክል እንዲያውቅ ማድረግ ነው። እኔ ሁለት ኤሲ አገናኝቻለሁ፤ አንዱ የእናቴ ክፍል ያለው አሮጌ፣ ሌላው ሳሎን ያለው አዲሱ። አዲሱ በሁለት ቀን አለቀ። አሮጌው ሳምንታት ፈጀ፣ ምክንያቱም "ኤሲው ያለበትን ሁኔታ በምን አውቃለሁ?" የሚለውን ሳልጠይቅ ነው ዕቃ መግዛት የጀመርኩት። እናንተ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

መጀመሪያ የሚታየው ኤሲው በየት በኩል ትእዛዝ እንደሚቀበል ነው። በሪሞት ብቻ የሚሰማ አለ። የፊት ክዳኑ ሲከፈት ቦርዱ ላይ ለተጨማሪ መቆጣጠሪያ የተተወ ሶኬት ያለውም አለ። ዋይፋይ አብሮት የተሠራም አለ። ግድግዳ ላይ ያለው ሳጥን ጎን የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሱ። ሪሞቱ ጀርባ ወይም ባትሪ ማስቀመጫው ውስጥ የተጻፈውንም አብራችሁ አንሱ። የሪሞቱ ቁጥር እንዲያውም ይበልጣል። በተለያየ ስም የሚሸጡ ብዙ ኤሲዎች ውስጣቸው የአንድ አምራች ነው፤ ቋንቋቸውን የሚነግራችሁ ፊታቸው ላይ የተለጠፈው ስም ሳይሆን ሪሞታቸው ነው። ለምሳሌ ኩሊክስ የሚባለው ፕሮቶኮል (የሪሞት ቋንቋ) ስማቸው በማይገናኝ ብዙ ኤሲዎች ላይ ይሠራል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ስማርት ሶኬት (በስልክ የሚበራና የሚጠፋ የግድግዳ ሶኬት) ገዝቶ ኤሲውን ከሶኬቱ ላይ ማብራትና ማጥፋት ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው መንገድ ነው፣ እኔም አስቤው ነበር፣ ግን ተዉት። ኤሲ ሲጠፋ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ኮምፕረሰሩን (ጋዙን የሚጨምቀውን ክፍል) ያቆማል፣ የአየር ማውጫውን ክንፍ ይዘጋል፣ አንዳንዱም ውስጡን ለማድረቅ ፋኑን ለጥቂት ደቂቃ ያዞራል። ኃይሉን ድንገት ስትቆርጡበት ይህ ሁሉ ይቀራል። ወዲያው መልሳችሁ ስታበሩት ደግሞ የጋዙ ግፊት ገና ስላልተመጣጠነ ኮምፕረሰሩ ለመነሳት ይታገላል። ብዙ ኤሲዎች ከጠፉ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል ጠብቀው የሚነሱት ለዚህ ነው። ሶኬቱ ላይ 10 ወይም 16 አምፒር ተብሎ ቢጻፍም ለሰዓታት ሳያቋርጥ ለሚሄድ ከባድ ጭነት እኔ አላምነውም፤ ሙቀቱ ያስፈራል። ደግሞም ብዙ ኤሲ ኃይል ሲመለስለት በራሱ አይነሳም፣ የሪሞት ትእዛዝ ይጠብቃል። ስለዚህ ያሰባችሁትን እንኳ አይሠራላችሁም።

የእናቴ ክፍል ኤሲ ከሪሞት በቀር ሌላ በር የለውም። ሪሞት የሚልከው ዓይን የማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ እየበራና እየጠፋ፣ መሃል ላይ ረጅምና አጭር ክፍተት እየተወ ኮድ ይሠራል። የቲቪ ሪሞት ከሆነ አንድ ቁልፍ አንድ አጭር ኮድ ነው። በሰፊው የሚሠራበት የኤንኢሲ ፕሮቶኮል 32 ቢት (የ0 ወይም የ1 ምልክት) ብቻ ነው። የኤሲ ሪሞት እንደዚያ አይደለም። ሙቀት መጨመሪያውን ስትጫኑ የሚሄደው "አንድ ዲግሪ ጨምር" የሚል ትእዛዝ ሳይሆን ሙሉ ደብዳቤ ነው፦ ማቀዝቀዝ ላይ ሁን፣ 25 ዲግሪ፣ ፋን መካከለኛ፣ ክንፍ ወደ ላይ። የሚትሱቢሺ ኤሌክትሪክ ሪሞት ለምሳሌ በአንድ መልእክት 144 ቢት ይልካል። የሪሞቱ ስክሪን ላይ የምታዩትም ኤሲው የነገረውን አይደለም። ሪሞቱ ራሱ መጨረሻ ላይ የላከውን ነው የሚያሳያችሁ። ኤሲው ሰማም አልሰማም።

ይህን ሳላውቅ ሪሞት የሚቀዳ ትንሽ መሣሪያ ገዝቼ ቁልፎቹን አንድ በአንድ መቅዳት ጀመርኩ። "24 ዲግሪ" ብዬ የቀዳሁት ኮድ ውስጥ በዚያች ሰዓት የነበረው የፋን ፍጥነትና የክንፍ አቅጣጫም አብሮ ተቀድቷል። እናቴ ፋኑን ዝቅተኛ ላይ አድርጋ ነው የምትተኛው። እኔ ከስልኬ ሙቀቱን ስቀይር ፋኑ ድንገት ወደ ከፍተኛ ይወጣል፣ ነፋሱም ፊቷ ላይ ይመጣል። ኮድ መቅዳት ለቲቪ ጥሩ ነው። ለኤሲ ግን ፕሮቶኮሉን የሚያውቅና ደብዳቤውን በየጊዜው ራሱ የሚጽፍ ሶፍትዌር ያስፈልጋል።

እኔ የተጠቀምኩት ኢኤስፒ32 የምትባለዋን ትንሽ ቦርድ ነው፤ ላይዋ ላይ ኢኤስፒሆም የሚባለውን ሶፍትዌር ጫንኩባት፣ የቤቱን ስማርት ዕቃዎች ከሚያዘው ፕሮግራም ከሆም አሲስታንት ጋር ተነጋገረች። ሁለቱም ሶፍትዌሮች በነጻ የሚገኙ ናቸው፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ቤት ውስጥ ይሠራሉ። ኢኤስፒሆም የብዙ ኤሲዎችን የሪሞት ቋንቋ አስቀድሞ ያውቃል፤ የእናንተ ከዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ቦርዱን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ። የኢንፍራሬድ ኤልኢዲውን በቀጥታ ከቦርዱ ፒን ላይ አትትከሉት። ፒኑ የሚሰጠው ጥቂት ሚሊ አምፒር ስለሆነ ክፍሉን አቋርጦ አይደርስም፤ አንድ ትራንዚስተርና ተስማሚ ሬዚስተር መሃል ይግባ። ኤልኢዲው ማብራቱን ለማየት የስልካችሁን ካሜራ ከፍታችሁ ፊት ለፊቱ ያዙት፤ ሐምራዊ ብልጭታ ይታያችኋል። የኋላ ካሜራዎች አንዳንዴ ኢንፍራሬዱን ያጣራሉና ካልታያችሁ በራስ ፎቶ ማንሻው ሞክሩ። እኔ በኋላ ካሜራው ብቻ አይቼ ተበላሽቷል ብዬ ደህና ኤልኢዲ ጥያለሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ግን የሌሊቱ ጥያቄ አልተመለሰም። ኢንፍራሬድ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ ነው። ሲስተሙ ይልካል፣ ኤሲው መልስ የለውም። የእናቴ ኤሲ ላይ ደግሞ ሙቀቱና ፋኑ በሙሉ ደብዳቤ ቢሄዱም ማብሪያና ማጥፊያው "ቀይር" ብቻ ነው የሚለው። ሁለት ነገር ጨመርኩ። የመጀመሪያው የ38 ኪሎኸርዝ ኢንፍራሬድ ተቀባይ ነው። ይህ የእናቴን ሪሞት ይሰማል፤ እሷ ስትጫን ሲስተሙም ያው ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ ስልኬ ላይ ያለውም ይስተካከላል። ተቀባዩ ከኤሲው አጠገብ መቀመጥ አለበት፣ ምክንያቱም ሰው ሪሞቱን ወደ ኤሲው ነው የሚያነጣጥረው። ያም ሆኖ አንዳንዴ ያመልጠዋል። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ስትጫን ኤሲው ሰምቶ ተቀባዩ ሳይሰማ የቀረበት ቀን አለ።

ሁለተኛው ነው ከጭንቀት ያወጣኝ፣ እሱም በጣም ቀላል ነው። ኤሲው ሲበራ የአየር ማውጫው ክንፍ ይከፈታል፣ ሲጠፋ ይዘጋል። ስለዚህ ለበርና ለመስኮት የሚሸጠውን ማግኔት ያለው ሴንሰር እዚያ ላይ አደረግኩ። ዋናውን ሴንሰር የማይንቀሳቀሰው ሳጥን ላይ፣ ማግኔቱን ደግሞ ክንፉ ጠርዝ ላይ። አብሮት የሚመጣው ማግኔት ከባድ ከሆነ በትንሽና በቀላል ማግኔት ቀይሩት። ክንፉን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ትንሽ ነው፣ ሸክም አይወድም። ክንፉ እስኪንቀሳቀስ ጊዜ ስለሚወስድ ሲስተሙ ከትእዛዙ በኋላ 20 ሰከንድ ጠብቆ ነው የሚፈርደው። አሁን "አጥፋ" የሚለው ትእዛዝ የሚሄደው ክንፉ ክፍት ከሆነ ብቻ ነው። ዝግ ከሆነ ምንም አይላክም። ክንፉ ሲጠፋም ክፍት የሚቀር ዓይነት ኤሲ ካላችሁ ይህ አይሆንላችሁም፤ ያኔ የኤሲውን መስመር የኃይል ፍጆታ የሚለካ መሣሪያ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ብሬከሩ ጋ ማስገጠም ነው ያለው።

ድምፁንም አስቡበት። ኤሲ ትእዛዝ በተቀበለ ቁጥር ጢጥ ይላል። መጀመሪያ የጻፍኩት አውቶሜሽን (ሲስተሙ በራሱ የሚፈጽመው ሕግ) የክፍሉ ሙቀት በተቀየረ ቁጥር ትእዛዝ ይልክ ነበር፤ ሴንሰሩ 25.9፣ 26.1፣ 25.9 እያለ ሲወዛወዝ ኤሲውም ሌሊቱን ሙሉ ጢጥ ጢጥ ሲል አደረ። እናቴ ምንም አላለችኝም፣ ግን ዓይኗ ሳይከደን ማደሩ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር፣ በጣም አዘንኩ። መፍትሔው ሁለት ነው። በማብሪያና በማጥፊያው ነጥብ መካከል ቢያንስ የአንድ ዲግሪ ልዩነት ይኑር። ሊላክ ያለው ከአሁኑ ጋር አንድ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይላክ።

ሳሎን ያለው ኤሲ ሌላ ዓለም ነው። ሚትሱቢሺ ኤሌክትሪክ ሲሆን ቦርዱ ላይ ሲኤን105 የሚል ባለ 5 ፒን ሶኬት አለው። በቅደም ተከተል 12 ቮልት፣ ግራውንድ፣ 5 ቮልት፣ መላኪያና መቀበያ ናቸው። ኢኤስፒዋ ከዚያው 5 ቮልት ትበላለች፣ ሌላ ቻርጀር አያስፈልግም። ከሁሉ በላይ ደስ የሚለው ግን ኤሲው መልስ መስጠቱ ነው። ሰው በሪሞት ሲቀይረው ራሱ ይናገራል። ስንት ዲግሪ ላይ እንዳለ፣ ኮምፕረሰሩ እየሠራ ይሁን አይሁን፣ ክፍሉ ስንት እንደሆነ። የእናቴን ክፍል ኤሲ ለሳምንታት ስጠይቀው የነበረውን ይህኛው ሳልጠይቀው ነገረኝ። ዳይኪን ኤሲዎች ላይ ኤስ21 የሚባል ተመሳሳይ ሶኬት በብዙ ሞዴሎች ላይ አለ። ሚዲያ የተባለው ኩባንያ በሠራቸው ኤሲዎች ላይ ደግሞ ዩኤስቢ የሚመስል ማስገቢያ ታገኛላችሁ፤ ቅርጹ ነው እንጂ ዩኤስቢ አይደለም፣ ውስጡ የሚሄደው ተራ ሲሪያል (መረጃን ቢት በቢት በተራ የሚልክ መስመር) ነው። ኮምፒውተር አትሰኩበት።

እዚህ ላይ የቆምኩባቸውን ልንገራችሁ። የሲኤን105 ፍጥነት 2400 ባውድ (በሰከንድ 2400 ቢት) ነው፣ ፓሪቲው (ስህተት መፈተሻው ቢት) ደግሞ ኢቨን። እኔ ፓሪቲውን ሳልጽፍ ትቼ ግማሽ ቀን ሙሉ ዝምታ ብቻ ሰማሁ። የቦርዱ መላኪያ ከኤሲው መቀበያ ጋር መገናኘቱን፣ የኤሲው መላኪያም ከቦርዱ መቀበያ ጋር መሆኑን ደጋግማችሁ እዩ። ኤሲው በ5 ቮልት ነው የሚናገረው፣ ኢኤስፒ ግን የ3.3 ቮልት ነች፤ መሃል ላይ የቮልቴጅ መቀየሪያ አስገቡ። ቦርዳችሁ ኢኤስፒ8266 የምትባለው የቀድሞዋ ቦርድ ከሆነች ደግሞ መዝገብ መጻፊያውን ከሲሪያሉ ላይ አጥፉት፣ አለበለዚያ የራሷ መልእክት ከኤሲው ንግግር ጋር ይደባለቃል።

ስለ ደህንነት የምለውን ግን እባካችሁ አትለፉት። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ብሬከሩን አውርዱ። በሪሞት ማጥፋት ማጥፋት አይደለም። ካወረዳችሁም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፣ ካፓሲተሮች ኃይል ይዘው ይቆያሉ። አንዳንድ ኤሲዎች ላይ ደግሞ የ5 ቮልቱ መስመር ከዋናው ኤሌክትሪክ አልተነጠለም። ያንን መስመር ከላፕቶፕ ጋር በዩኤስቢ ገመድ ካገናኛችሁት ላፕቶፑንም ሰውንም ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ጠረጴዛ ላይ ጨርሳችሁ ጫኑ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ ወደ ኤሲው ውሰዱት። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ማሻሻያ ሁሉ በዋይፋይ ይሁን። ኤሌክትሪክ ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ ለባለሙያ ስጡት። ኤሲው ዋስትና ላይ ከሆነም መክፈት ዋስትናውን ያፈርስ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ።

በሶኬቱ በኩል ያገኘሁት ሌላው ትልቅ ነገር የሙቀት መለኪያውን መቀየር ነው። ኤሲ ሙቀት የሚለካው አየር በሚስብበት በኩል፣ ግድግዳው አናት አካባቢ ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ እዚያ የሚለካውና ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው አንድ አይደለም። ሲኤን105 ከውጭ የመጣ ሙቀት ይቀበላል። ሳሎን መሃል፣ በተቀመጠ ሰው ደረት ከፍታ፣ ፀሐይና የኤሲው ነፋስ በማይደርስበት ቦታ የዚግቢ (ያለ ገመድ የሚሠራ) ሴንሰር አስቀምጬ ንባቡን ወደ ኤሲው እልካለሁ። ኤሲውም ክፍሉን በዚያ ይመዝናል። የሴንሰሩ ባትሪ ቢያልቅ ኤሲው በመጨረሻው ንባብ ላይ ተሰክቶ እንዳይቀር፣ ለ30 ደቂቃ አዲስ ንባብ ካልመጣ ወደ ራሱ መለኪያ እንዲመለስ አድርጌያለሁ። ይህችን አትርሱ። ሴንሰሩን ከኢኤስፒዋ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥም አታድርጉት፣ ቦርዷ ራሷ ትሞቃለች።

ዋይፋይ አብሮት ለተሠራ ኤሲ የምለው አጭር ነው። ሲያገናኙት እምቢ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ኤሲው 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚያይ ሆኖ ስልኩ ደግሞ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ስለሆነ ነው። ራውተሩ ላይ ቋሚ አድራሻ ስጡት። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ትእዛዙ ቤት ውስጥ ይቀራል ወይስ በአምራቹ ሰርቨር በኩል ዞሮ ነው የሚመለሰው? ግሪ ኤሲዎችን ለምሳሌ ሆም አሲስታንት በቤት ኔትወርክ ብቻ ያናግራቸዋል። በሰርቨር ከሆነ ኢንተርኔት ሲጠፋ አፑ አብሮ ይጠፋል። ማተር የተባለው የስማርት ቤት ዕቃዎች የጋራ ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ሲወጣ የክፍል ኤሲን አላካተተም ነበር፤ የገባው በጥቅምት 2023 በወጣው 1.2 ላይ ነው። ስለዚህ "ማተር አለው" የሚል ምልክት ያለው ማገናኛ ሁሉ ኤሲ ያውቃል ማለት አይደለም፤ የትኛውን እትም እንደሚደግፍ እዩ።

ከአውቶሜሽኖቹ ሁሉ በእውነት የምንጠቀምበት የመስኮቱ ነው። መስኮት ለ2 ደቂቃ ክፍት ከቆየ ኤሲው ይጠፋል። ሲዘጋ ወደነበረበት ይመለሳል፣ ግን የሚመለሰው ያጠፋው ሲስተሙ ከሆነ ብቻ ነው። ሰው ያጠፋውን ሲስተም አያበራም። ይህን ሕግ አሁን ሁሉም ቦታ ላይ ጽፌዋለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ቦርዶቹ ሲነሱ ምንም ትእዛዝ እንዳይልኩ አድርጉ። የክንፉ ሴንሰር እስኪነበብ፣ ራውተሩ እስኪነሳ፣ እኔ 5 ደቂቃ ሰጥቻቸዋለሁ። ኮምፕረሰሩም በዚያው ያርፋል።

የሌሊት 8 ሰዓቱን ማጥፊያ አሁን ሰርዤዋለሁ። እናቴን ቁጭ ብዬ ስጠይቃት ለካ እንዲጠፋ ፈልጋ አታውቅም፤ "ሲነጋጋ ብርድ ይገባኛል፣ እሱን ብቻ ቀንስልኝ" ነው ያለችኝ። ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ ክንፉ ክፍት ከሆነ ሙቀቱ ወደ 27 ከፍ ይላል፣ ፋኑ እሷ እንዳደረገችው ይቆያል። የሚላከው ደብዳቤ አንድ ብቻ ነው። ሪሞቷም እንደ ድሮው ትራሷ ሥር ነው ያለው።